ሊጡ ለምን ኩፍ አልል አለ?

(ስለ ድፎ ዳቦ አጋገርና ስለ እርሾ የተሰጠ ትምህርት)

ከንባቡ በፊት የምናጠናቸው ቃላት

ልኬት — የአንድ ነገር መጠን፤ በጣሳ፣ በማንኪያ ወይም በኪሎ የሚለካ።
ረቂቅ ተሕዋስያን — በዐይን የማይታዩ፣ በጣም ጥቃቅን የሆኑ ሕይወት ያላቸው ነገሮች።
ካርቦን ዳይኦክሳይድ — እኛም ሆንን እንስሳት ስንተነፍስ የምናወጣው አየር።
ግሉተን — በስንዴ ውስጥ የሚገኝ፣ ሊጥን እንደ ሙጫ እንዲሳብ የሚያደርግ ነገር።

1. የኅዳር ሌሊት

ለትምህርታችን ምሳሌ የሚሆነን አንድ ታሪክ እናንብብ።

በአንድ ደጋ መንደር ሁለት እናቶች ይኖሩ ነበር። ቤታቸው አጥር ለአጥር የተያያዘ ነው። እሳት ይጫጫራሉ፤ ወንፊት ይዋዋሳሉ፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋለች። ሰው ሁሉ እንደ እኅትማማች ነበር የሚያያቸው።

ወሩ ኅዳር ነው። ስንዴው ደርሷል። የአንደኛዋ ባል ለአጨዳ ደቦ ጠራ። 20 ሰው ይመጣል። ለ20 ሰው ደግሞ ጠላና ዳቦ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ሴትዮዋ በዋዜማው ማታ ዱቄቷን ነፋች። ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳች። ሰዉ ብዙ ነው ብላ ጨውን በእፍኝ ጨመረች። እርሾዋም ካለፈው ወር የተቀመጠ ነበር። አቡክታ ስትጨርስ ሊጡን በቡሃቃ አድርጋ ከበሩ ሥር አስቀመጠችው።

በዚህ መካከል ጎረቤቷ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ብቅ አለች። ቡሃቃው ገና አልተከደነም።

“ውይ እቴ! ምን ያለ የሚያምር ሊጥ ነው!” አለች። ወንፊቱን አስቀምጣ ሄደች።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ሴትዮዋ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ክዳኑን ገለጠች። ሊጡ እንደ ማታው ነው። አንዲት ጣት ያህል እንኳ ከፍ አላለም። ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ደንግጣ አማቷን ጠራች።

“ማታ ማን ገብቶ ነበር?” አሉ አማቷ።

“ማንም አልገባም። እሷ ብቻ ናት። ወንፊት ልትመልስ…”

“በቃ! ዐይን በልቶታል። ለከብት ይሰጥ!”

በዚያ ቀን ደቦኛው ቂጣና ንፍሮ በላ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሄደ። በማግሥቱ ሴቶቹ ምንጭ ላይ ጎረቤቲቱን ሲያዩ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ልጇን ደግሞ እረኞቹ “የቡዳ ልጅ!” እያሉ በድንጋይ አባረሩት። እናትዬዋ ምን እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም። ወንፊት መልሳ፣ ሊጥ አድንቃ መውጣቷ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርናችሁም። ያን ዕለት ሊጡ ለከብት አልተሰጠም ነበር። በሥራው ብዛት ተረስቶ ነበር። የሴትዮዋ ልጅ ቤት ስትጠርግ ቡሃቃው መንገድ ቢዘጋባት አንሥታ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። ተሲዓት ላይ እናቷ ለከብቶቹ ልትሰጠው መጣች። ያየችውን ማመን አቃታት። ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ ከቡሃቃው አፍ ሊፈስ ደርሷል።

እሷም ዝም ብላ ቆመች። ዐይን የበላው ሊጥ ከሆነ፣ አሁን ማን መለሰው? ማንም ሰው አልገባም። ማንም አልደገመበት፤ ማንም አላጠነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበሩ ሥር ተነሥቶ ከምድጃው አጠገብ መቀመጡ።

እንግዲህ ሊጡ ማታ ለምን ኩፍ አልል አለ? ቀንስ ለምን ኩፍ አለ? ይህን ለማወቅ እርሾ ምን እንደ ሆነ መማር አለብን።

2. እርሾ ሕይወት አለው

ብዙዎቻችን እርሾን እንደ ጨው ወይም እንደ ቅመም እናየዋለን። ነገር ግን እርሾ እንደ ጨው ያለ ነገር አይደለም። እርሾ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ስብስብ ነው። አንዱን ለብቻው በዐይናችን ልናየው አንችልም። በአንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ውስጥ ግን ለቁጥር የሚያታክቱ አሉ።

ይህን በጥናት ካስረዱት ሰዎች መካከል ዋነኛው ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ተወልዶ በ1895 ሞተ። ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች፣ የወይን ጠጅና ቢራ የሚፈላው ሕይወት ባላቸው ረቂቅ ነገሮች ሥራ መሆኑን አሳየ። በአዲስ አበባ “ፓስተር” እየተባለ የሚጠራ ሰፈር አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚህ ሊቅ ስም ይጠራ ከነበረ የምርምር ተቋም ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይበላል፤ ይተነፍሳል፤ ይራባል። እርሾም እንደዚሁ ነው። ምግቡ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ይህን ስኳር በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። አየሩ በሊጡ ውስጥ ሆኖ መውጫ ያጣል። ብዙ ትንንሽ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቶቹ ሲነፉ ሊጡ ኩፍ ይላል። ዳቦ ስንቆርስ በውስጡ የምናያቸው ቀዳዳዎች የእነዚያ ከረጢቶች ቦታ ናቸው።

ይህን ለማመን ወደ ጠላ ጋናችን እንሂድ። ጠላ በሚፈላበት ጊዜ ጆሮአችንን ወደ ጋኑ አፍ ብናስጠጋ ሲንተከተክ እንሰማለን። ከሥሩ እሳት የለም። ታዲያ ምን ያፈላዋል? ያው የእርሾ ዘር ነው። በጠላ አየሩ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ በዳቦ ግን በሊጡ ተይዞ ይቀራል።

እርሾ እንደ እኛው ብርድ ይጎዳዋል። በብርድ ጊዜ አይሞትም፤ ነገር ግን ይደነዝዛል። እንደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚያ ጊዜ ከበር ሥር የተቀመጠ ሊጥ ሌሊቱን በሙሉ ተኝቶ ያድራል። እንደ መተማ ባለ ቆላ ግን ያው ሊጥ ፈጥኖ ኩፍ ይላል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ እርሾው ይሞታል። እጅ የማያስችል ትኩስ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው እርሾውን ቀቅሎ ገደለው ማለት ነው። የሞተ እርሾ ምድጃ አጠገብ ቢውልም አይነሣም።

ጨውም እንደዚሁ ነው። ልክ ሲሆን ዳቦውን ያጣፍጣል። ሲበዛ ግን ከእርሾው ላይ ውሃ እየሳበ ያዳክመዋል። ቋንጣን በጨው የምናሸው እንዳይበላሽ አይደል? ጨው የሚያበላሹትን ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚያዳክም ነው። እርሾም ያንኑ ያገኘዋል።

እንግዲህ የዚያችን ሴት ሊጥ እንመርምር። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጨው በእፍኝ ተጨመረ። እርሾው አንድ ወር የቆየና የደከመ ነበር። ቡሃቃው ከበር ሥር በውርጭ አደረ። 4 ምክንያቶች ተገኙ። ከአራቱ አንዱም የጎረቤት ዐይን አይደለም።

3. ስንዴ ለምን ተመረጠ?

ከበቆሎና ከማሽላ የሚጋገረው ዳቦ እንደ ስንዴው አይነፋም። የዚህም ምክንያት ግሉተን ነው። ስንዴ ግሉተን አለው። ዱቄቱ በውሃ ተቦክቶ በደንብ ሲታሽ ግሉተን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ሙጫ ይሳባል። አየሩ ሲነፋው አይቀደድም። በቆሎና ማሽላ ይህ ነገር የላቸውም። አየሩ ቢፈጠርም ሾልኮ ይወጣል።

ይህን በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ አቡክተን በደንብ እንሸው። ሊጡን በውሃ ውስጥ ይዘን ቀስ እያልን እንጠበው። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ነጩ ሁሉ ታጥቦ ሲያልቅ በእጃችን ላይ የሚሳብ፣ እንደ ማስቲካ ያለ ነገር ይቀራል። ይህ ግሉተን ነው። በበቆሎ ሊጥ ብንሞክረው ግን ሁሉም ፈርሶ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ዱቄታችን ስንዴና በቆሎ የተቀላቀለ ከሆነ ስንዴውን ማብዛት አለብን። ስንዴውም ከመፈጨቱ በፊት በሰፌድ መበጠርና መለቀም ይገባዋል። በተለይ እንክርዳድን መልቀም ያሻል። እንክርዳድ የበዛበት ዳቦ ራስ ያዞራል፤ ሰውንም እንደ ሰከረ ያንገዳግዳል። ስለዚህ ለቀማው ለዳቦው ማማር ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው።

4. የድፎ ዳቦ አጋገር

ለ10 ሰው የሚበቃ አንድ ድፎ ዳቦ ለመጋገር የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው። መለኪያችን ሩብ ሊትር ያህል የሚይዝ ጣሳ ነው።

— የተነፋ የስንዴ ዱቄት፦ 9 ጣሳ
— ለብ ያለ ውሃ፦ 3 ጣሳ፤ ዱቄቱ ካልጠገበ ትንሽ ይጨመራል
— የሱቅ ደረቅ እርሾ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
— ጨው፦ 3 የሻይ ማንኪያ፣ ያልተከመረ
— ስኳር፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
— ዘይት፦ 2 የሾርባ ማንኪያ
— ጥቁር አዝሙድ፦ 1 የሻይ ማንኪያ፤ የሚወድ ሰው የተወቀጠ ድንብላል ወይም ኮረሪማ ይጨምራል
— የኮባ ቅጠል፤ ኮባ በማይገኝበት አገር የሙዝ ቅጠል

ሀ. እርሾውን መፈተን። ከ3ቱ ጣሳ ውሃ አንዱን ወስደን እርሾውንና ስኳሩን እንጨምርበታለን። ውሃው ሕፃን ልጅ የምናጥብበት ዓይነት ለብ ያለ ይሁን። 10 ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። አረፋ ከሠራ እርሾው ደኅና ነው። አረፋ ካልሠራ ግን ሞቷል። ዱቄታችንን ሳናጠፋ ሌላ እርሾ እንፈልግ። ይህች አንዲት ፈተና 9 ጣሳ ዱቄት ታድናለች።

የሱቅ እርሾ የሌለው ሰው ካለፈው ሊጥ ባስቀመጠው እርሾ ይጠቀማል። 1 ጣሳ ያህል ይበቃዋል። ሆኖም በዋዜማው ጥቂት ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ ሊያነቃው ይገባል። ተርቦ የቆየ ነገር ሳይበላ ሥራ አይሠራም። በዚህ እርሾ የተቦካ ሊጥ ኩፍ ለማለት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ለ. ማቡካትና ማሸት። ዱቄቱን፣ ጨውንና ጥቁር አዝሙዱን በቡሃቃ ውስጥ እንቀላቅላለን። እርሾውን፣ ዘይቱንና የቀረውን ውሃ እያፈሰስን እናቦካለን። ከዚያም ሊጡን በእጃችን መዳፍ እየገፋን፣ እያጠፍን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እናሸዋለን። ግሉተን የሚያያዘው በዚህ ጊዜ ነው። በደንብ የታሸ ሊጥ ከእጅ ይለቃል፤ ሲስቡትም ቶሎ አይበጠስም።

ሐ. ማስቀመጥ። ቡሃቃውን ከድነን፣ በጋቢ ጠቅልለን ከምድጃው አጠገብ እናኖረዋለን። በትኩስ ጉልቻ ላይ ግን አይቀመጥ። ሊጡ የመጀመሪያውን እጥፍ እስኪያክል እንጠብቃለን። በወይና ደጋ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ በብርድ አገር ከዚያ ይበልጣል። ሰዓት የሌለው ሰው ሊጡን በጣቱ ጫን ይበለው። ጎድጓዳው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

መ. ኮባውን ማዘጋጀት። ኮባው ይታጠባል። ከዚያም በእሳት ላይ ለአንድ አፍታ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሙቀቱ ስለሚያለሰልሰው ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ምጣዱ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይነጠፋል፤ ጫፉ ከምጣዱ ወደ ውጭ ይትረፍ።

ሠ. መጋገር። ሊጡን በኮባው ላይ ገልብጠን በእርጥብ እጃችን እናስተካክላለን። ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ኩፍ ይበል። ከዚያ የተረፈውን የኮባ ጫፍ አጥፈን፣ ሌላ ኮባ ጨምረን እንሸፍነዋለን። በላዩ ሌላ ምጣድ ወይም የብረት ክዳን እንደፋበትና ፍም እንበትንበታለን። ከሥር ያለው እሳት ለስለስ ይበል። ነበልባል የበዛበት ዳቦ ሥሩ ያርራል፤ መካከሉ ግን ሊጥ ሆኖ ይቀራል። መከራ የበዛበት ሰው “እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት” የሚለው ይህን አይቶ ነው።

ረ. መብሰሉን ማወቅ። እንደ እሳቱ ልክ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። ቶሎ ቶሎ መክፈት አይገባም። ሲደርስ ንጹሕ ስንደዶ ወደ መካከሉ እንሰካለን። ስንደዶው ሊጥ ሳይዝ ደርቆ ከወጣ ዳቦው በስሏል። የዳቦውንም ሆድ በጣታችን ብናንኳኳው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ሰ. ማሳረፍ። ዳቦው ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። በትኩሱ የተቆረሰ ዳቦ ውስጡ ይለነቀጣል። በረድ ሲል የቤቱ ታላቅ መርቆ ይቁረሰው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍም ከምጣዱ ላይ ሲወርድ ሕፃናት አይቅረቡ። ጢሱ እንዲወጣ በርና መስኮት ይከፈት።

5. እርሾ የሌለው ኬክ

ሊጥን የሚያነሣው አየር መሆኑን ተምረናል። አየሩ ግን የግድ ከእርሾ መምጣት አለበትን? የለበትም። ይህን ለማስረዳት ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ።

በአሜሪካ አገር ኤንጀል ፉድ የሚባል ኬክ አለ። ትርጉሙ “የመላእክት ምግብ” ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከቅልለቱና ከንጣቱ የተነሣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር ይጋገራል። በዚህ ኬክ ውስጥ እርሾ የለም። ቅቤም ዘይትም የለም። ኬኩን የሚያነሣው የ12 እንቁላል ነጩ ክፍል ነው።

ነጩ ከአስኳሉ ተለይቶ፣ ስኳር እየተጨመረበት፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ እስኪሆን ይመታል። ሲመታ አየር ይገባበታል። ከዚያ የተነፋ ዱቄት ቀስ ተብሎ ይቀላቀላል። በኃይል ያማሰለው ሰው አየሩን ያስወጣዋል። አንዲት የአስኳል ጠብታ እንኳ ብትገባ አስኳል ስብ ስላለው አረፋው እንደ ልብ አይነፋም። መጋገሪያውም ዘይት አይቀባም። ሊጡ የመጋገሪያውን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ መውጣት አለበትና ነው። ሙቀት ሲያገኘው በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ኬኩም ያድጋል። ሲበስል ከነመጋገሪያው ተገልብጦ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀዘቅዛል። ካልተገለበጠ ገና ያልጠነከረው ኬክ በራሱ ክብደት ይሟሽሻል።

አንዳንዶች ኮኮናት ይጨምሩበታል። ኮኮናት በሞቃት የባሕር ዳርቻ ከሚበቅል፣ ዘንባባ ከሚመስል ዛፍ የሚገኝ ፍሬ ነው። ቅርፊቱ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ነጭ ነው። ነጩ ተፈቅፍቆና ደርቆ በኬኩ ላይ ይነሰነሳል። ጣፋጭ መዓዛም ይሰጠዋል።

ይህን የነገርናችሁ ጋግሩ ለማለት አይደለም። በገበሬ ቤት 12 እንቁላል የጨውና የሳሙና መግዣ ነው። እንቁላል ከተረፈም ነጩም አስኳሉም ለልጆች ቢሰጥ ይሻላል። የነገርናችሁ የሁለቱ ጥበብ አንድ ስለ ሆነ ነው። የአሜሪካዊቷ ኬክ በእንቁላል አረፋ፣ የእኛ ድፎ በእርሾ ትንፋሽ ይነሣሉ። ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው የታሰረ አየር ነው። አሜሪካዊቷ እናት ኬኳ ሳይበስል መጋገሪያውን ከከፈተች ኬኩ ይወድቅባታል። ያን ጊዜ ጎረቤቷን ብትጠረጥር እንስቅባት ነበር። ታዲያ በራሳችን ቤት ለምን እንጠረጥራለን?

6. የታሪኩ ፍጻሜ

ወደ ሁለቱ እናቶች እንመለስ።

ሊጡ ኩፍ ባለበት ቀን ሴትዮዋ ዳቦውን ጋገረችው። ጨው በዝቶበት ነበር እንጂ ዳቦው ደኅና ዳቦ ሆነ። ለባሏም ለአማቷም አቀረበች። ስለ ነገሩ ግን ምንም አልተናገረችም። አፈረች። 3 ቀን እንዲሁ አለፈ። በነዚያ 3 ቀናት ውስጥ ነው የጎረቤቷ ልጅ በድንጋይ የተባረረው።

በ4ኛው ቀን ልጁ ግንባሩ ተፈንክቶ ሲያልፍ አየችው። ያን ጊዜ አላስቻላትም። ቤቷ ገብታ እንደገና አቦካች። አሁን ግን ውሃውን ለብ አደረገች፤ ጨውን በማንኪያ ለካች፤ ቡሃቃውን ከምድጃው አጠገብ አኖረች። ዳቦው ሲወጣ የመንደሩን ሴቶች ቡና ጠራች። ጎረቤቷንም በሰው አስለመነቻት።

ሁሉም ከተሰበሰቡ በኋላ ቆማ እንዲህ አለች፦

“ሰው ሁሉ በሰማው ነገር ነው የበደልኳት፤ ስለዚህ ይቅርታዬንም ሰው ሁሉ ይስማ። ሊጤን ማንም አልበላውም። ብርድ ነው የያዘው። ያን ዕለት ተሲዓት ላይ ራሱ ተነሥቷል። እኔ አይቼ ዝም አልኩ።”

አማቷ አንገታቸውን ደፉ። ጎረቤቲቱ ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣

“ሊጡስ እስከ ተሲዓት ነው የቆየው። አንቺ ግን 4 ቀን ሙሉ ልጄን አስደበደብሽው” አለቻት።

ዳቦውን ግን ተቀበለች። ቆርሳም ለልጇ ሰጠችው። ወንፊት መዋዋሱ የተመለሰው ጥር ከገባ በኋላ ነው።

7. ከዚህ ትምህርት ምን እናገኛለን?

አንደኛ፣ ሥራችን ሲበላሽ ምክንያቱን ከሥራው ውስጥ እንፈልግ። ውሃው እንዴት ነበር? ጨው ስንት ነበር? እርሾው መቼ የተቀመጠ ነው? ቦታው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? እነዚህን ሳንጠይቅ ሰው መጠርጠር ትልቅ በደል ነው። የተበላሸ ሊጥ በዱቄት ይተካል። በሐሜት የተበላሸ ስም ግን ለልጅም ይተርፋል፤ ጋብቻንም ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ልኬትን እንጻፍ። እናቶቻችን በእጃቸው ግምት ሲጋግሩ ኖረዋል፤ እጃቸውም ብዙ ያውቃል። ሆኖም እጅ ያወቀውን ወረቀት ላይ ብናሰፍረው አይጠፋም። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ከቻልን፣ ጥሩ ዳቦ የወጣልን ቀን ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨውንና የቆየበትን ሰዓት ጽፈን እናስቀምጥ። ያልወጣልንም ቀን እንጻፍ። ሁለቱን ስናስተያይ ጥፋቱ የት እንዳለ ወረቀቱ ራሱ ይነግረናል።

ጥያቄዎች

1. ሊጥ ኩፍ የሚለው በምን ምክንያት ነው?
2. የሴትዮዋ ሊጥ ሌሊቱን ያልተነሣባቸውን 4 ምክንያቶች ጻፉ።
3. እርሾ በሕይወት መኖሩን ሳናቦካ እንዴት እናውቃለን?
4. የበቆሎ ዳቦ እንደ ስንዴ ዳቦ የማይነፋው ለምንድን ነው?
5. የአሜሪካው ኬክና ድፎ ዳቦ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
6. ለ10 ሰው 9 ጣሳ ዱቄትና 3 ጣሳ ውሃ ካስፈለገ፣ ለ20 ሰው ስንት ጣሳ ዱቄት፣ ስንት ጣሳ ውሃ ያስፈልጋል? ጨውስ ስንት የሻይ ማንኪያ ይሆናል?
7. ሴትዮዋ ሊጡ መነሣቱን እያየች 3 ቀን ዝም ማለቷ ትክክል ነበር ትላላችሁ? በቡድን ተወያዩበት።

መልመጃ

በቤታችሁ ስለሚጋገር ዳቦ አንድ ገጽ ጻፉ። ሙልሙል ቢሆን፣ ሕምባሻ ቢሆን ወይም ሌላ፣ የሚገባበትን ሁሉ በልኬቱ አስፍሩ። ጽሑፉን ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ ልኬት ካለ ከሁሉ ይልቅ የሚጋግሩት እናቶች ያርሙት።